ሁለተኛ እጅ

ቀትር ላይ ድሬዳዋ መስኮቷን ስትዘጋ፣
ባጃጁ ከኒም ሥር፣ ፍየሉ ከግንቡ ጥላ ሲጠጋ፣
ያኔ ነው ሱቄ የሚከፈት፣
ሱቅ ካላችሁት፦
አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ የተደፋ የለስላሳ ሣጥን፣
ፎጣ ጣል ያረግሁበት፣
ከዚራ፣ ከለገሃር ጀርባ፣ በረንዳችን ላይ።

ቀለሞቼ ሰባት ናቸው፤
ከታይዋን ገበያ ተከራክሬ ያመጣኋቸው።
ለመስመር ስንጥር፣ ለነጥብ የስፒል ራስ፣
ከተሳሳትኩ ደግሞ በአሴቶን የራሰ ጥጥ፣ ለማበስ።
ሙቀቱ ቀለሙን እንደ ማር እንዳይስበው፣
ብልቃጡን ከእንስራው ሥር፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ ነው የማስቀምጠው።

አባቴ ሽርጡን ሰብስቦ ይመጣና ያየኛል ቆሞ፤
«ፉርጎ እየቀባሁ ባሳደግሁሽ፣ ጥፍር ደግሞ!»
ይላል። አይሄድም ግን። ደረጃው ላይ ይቀመጣል፤
የሚንቀጠቀጥ እጁን በሌላው እጁ ይይዛል፣
ላምልጥ የምትል ድመት እንደያዘ ሰው።

የሂንድያ ሠርግ ዋዜማ፣
እጇ በሂና አበባ እስከ ክርኗ ያማረ፣
ጥፍሯ ብቻ ባዶ የቀረ፣
ከነእናቷ፣ ከነአክስቷ፣ ከነጫጫታው ደረሰች።
«አቦ ቶሎ በይ፣ መኪናው ቆሟል!» አለች።
ቸኮልኩ።
የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሌላ ደረብኩ።
ቀለሙ አኮረፈ፣ ፊቱን ጨመደደ፣
እንደ ወተት ስልባቦት ተንሸራቶ ሄደ።

ከደረጃው ድምፅ መጣ፦
«ጥረጊው። ሁሉንም።
ቀለም ይጠበቃል እንጂ አይጠራም።
ብሩሹን በብልቃጡ ከንፈር ጥረጊ፣ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ፤
ከመሃል ጀምሪ፣ ዳር ዳሩን ተይለት መተንፈሻ።
አንደኛ እጅ ለብረቱ ነው፤
ሁለተኛ እጅ ነው ለሚያየው።»

ሂንድያ ሳቀች፦ «ጋሽ ላቀው፣ ጣቴ ብረት ነው?»
«ሙሽራ አይደለሽ? ገና ትሆኛለሽ» አላት።
እናቷ እንኳ ሳቅ አመለጣት።
መኪናው ውጭ ጥሩምባውን እየነፋ ጠበቀ፤
አሥሩም ጥፍር፣ ሁለት ሁለት እጅ፣ በወጉ ደረቀ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ
የዱቄት ወተት ጣሳ እንሰበስባለን፤
በአሸዋ ወረቀት ዝገቱን እንፈትጋለን፣
ሥሩን በምስማር እንበሳለን፣
ለሬት፣ ለበሶብላ ቤት እንሠራለን።
እሱ ያዛል፣ እኔ እቀባለሁ።

አንድ ምሽት ብሩሹን ራሱ አነሣ።
በጣሳው ወገብ ቀጥ ያለ ቀበቶ ሊያስር፣
ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ በፉርጎ ላይ የሚያውቀውን መስመር።
መስመሩ ወጣ፣ ወረደ፣ ተንቀጠቀጠ፤
ብሩሹን ወረወረ፣ ፊቱን ለግድግዳው ሰጠ።

ምን ይባላል?
ጣሳውን አንሥቼ አዞርኩት፣ ደጋግሜ አየሁት፣
ይሄማ ደቻቱ ነው፤
ደቻቱስ መቼ ቀጥ ብሎ ሄዶ ያውቃል በሕይወቱ?
በስፒል ራስ ዳር ዳሩን ጠጠር ነጠብኩለት፤
ሁለት ፍየል፣ አንድ ግመል አቆምኩበት፤
ግመሉ ውሻ መሰለ፣ እንዳለ ተውኩት።
መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ተኛሁ።

ጠዋት ከጎኑ ሌላ ጣሳ።
ከዚያ ጎን ሌላ። ከዚያም ሌላ።
ሦስት አዲስ ደቻቱ፣ ሦስቱም እየተንገዳገዱ፣
ሦስቱም አረንጓዴ፣
አልጋው ሥር፣ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ማንም እንዳይነካው ካለው
ከዚያ ከአሮጌ የፉርጎ ቀለም ቆርቆሮ።
ጠጠሩን አልነጠበም።
ለእኔ ትቶልኛል።

ትናንት ፀሐይ ስትበርድ ጥፍሩን ልቆርጥለት ተቀመጥኩ፤
የዚያች ድመት ልብ በመዳፌ ውስጥ ሲመታ ሰማሁ።
አውራ ጣቱ ላይ፣ ከጥፍሩ ግማሽ የሚሞላ
አረንጓዴ ጠብታ።
ጥጡን አሴቶን አስነክቼ ሳቀርብ፣
እጁን ሰበሰበ፦

«ተያት።
ገና አንደኛ እጅ ናት።»