ከሞፈር ውሃ ማዶ

ሰላ ድንጋይ ገና ጉሟን ሳትገፍፍ፣
እኛ ግን ደርሰናል ከገደሉ አፋፍ።
ጋሽ ይፍሩ ከፊት ነው፤ ከመንገድ ሥራ ቤት ጡረታ ሲወጣ፣
ሰዓት ሊሸልሙት ነበር፤ እሱ ግን የቀያሽ መነጽር ይዞ መጣ።
አንዱ ዐይኑ ስንጥቅ ነው። በደህናው በኩል ነው የምንመለከት፣
ተራ ገብተን፣ እንደ ወፍጮ ቤት።

ከማዶ፣ ገደሉ እንደ ተላጨ ራስ በቆመበት፣
ፍየል እንኳ የምትፈራው ስፍራ አለ የነሱ ቤት፦
የጽድ ጭራሮ፣ የአስታ ቅርንጫፍ፣ ዓመት በዓመት ላይ የተነባበረ፣
ጋሽ ይፍሩ እንደሚለው፣ እሱ ጎረምሳ ሳለ የተጀመረ።
ንስሯ ጥቁር ናት። ተነሥታ ክንፏን ስትዘረጋ፣
ጀርባዋ መሀል ነጭ ይበራል፤ በሌሊት ካባ ላይ ጎሕ እንደ ነጋ።
ሽኮኮዎቹ ያፏጫሉ፤ አንዱ ዘብ ሌላውን ይጠራል፤
ጥላዋ በቋጥኙ ላይ ሲያልፍ፣ ድንጋዩ ሁሉ ባዶ ይቀራል።

ማንያሽ የመጣችው ልትራገም ነው፤ አምና ግልገል ወስደውባት።
"እስቲ አሳዩኝ ያችን ሌባ!" አለች፤ መነጽሩን ሰጠናት።
ብዙ ቆየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። መነጽሩን አልለቅም አለች።
"የኔ ግልገል ለዚህ ከሆነስ…" ብላ፣ ሳትጨርስ ተወች።

ታኅሣሥ ላይ ሁለት ሆኑ። ጋሽ ይፍሩ ደብተሩ ላይ ጻፈ፦
"ትልቁ፣ ሰኞ። ትንሹ፣ ሐሙስ።"
አንዱ ጠንክሮ ቆሟል፤ አንዱ ራሱን ሊያነሣ
ይንፈራገጣል፣ ይልፈሰፈሳል፣ እንደ ረጠበ ልብስ።
ትልቁ ዞሮ ወጋው። ደግሞ ወጋው። ከአንገቱ፣ ከጀርባው።
ሥጋ ሞልቷል ጎጆው፣ ሦስት ሽኮኮ፤ ረኀብ አይደለም ያጋጨው።
እናቲቱ አጠገባቸው ቆማ ወደ ሸለቆው ታያለች።
"አትገላግልም?" አለ የማንያሽ ልጅ። ጋሽ ይፍሩ፦
"አትችልም" አለ። ቆይቶም፦ "ወይም ታውቃለች።"
በሌላው ቅዳሜ አንድ ነጭ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀስ።

እኔ ያየሁትን አልነገርኳቸውም። ከዚያ ገደል ጀርባ፣
አባታችን የተወው አንድ ጥማድ የባቄላ መሬት አለ፤
ወንድሜ እሸቴ በየክረምቱ አንድ ፈር ወደ እኔ ሲገባ፣
አራት ዓመት በወረዳው ፍርድ ቤት፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደረብ።
እናታችን መካከል ተቀምጣ፣ ለሁለታችንም ከአንድ ድስት ትጨልፋለች፤
ስንጣላ በመስኮት ወደ ሜዳው ታያለች።

ትንሹ እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማየው፣ በዚያች ጠባብ መስታወት።
ሌሊት ግን አሰብሁ፦ አምና በሬውን በእግድ ያስያዝሁበት
ማን ነው? እኔ ነኝ። ለዚያውም በሰኔ፣ እርሻ በጀመረበት።
ስልኬን አንሥቼ ቁጥሩን አወጣሁ፤
ምን ልለው? መልሼ አስቀመጥሁ።

መጋቢት። የቀረው ቡናማ ላባ አወጣ፤ ነጩ ጥጥ በነፋስ ይረግፋል፤
ከጎጆው ጫፍ ቆሞ ክንፉን ይመታል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ይጣጠፋል።
ማንያሽ ናት የነገረችው፤ እሸቴ መጥቶ ከኋላዬ ቆሟል፣
ሰላምታ የለም፤ ጉሮሮውን ብቻ ጠርጓል።
ተራው ሲደርስ ብዙ አየ። "ሁለተኛውስ?" ብሎ ጠየቀ፤
ጋሽ ይፍሩ ደብተሩን ገለጠ፣ አየው፣ ከደነው፣ በብብቱ ደበቀ።

ያኔ ተነሣ! አልዘለለም፤ ነፋሱ ነው ከሥሩ ገብቶ ያነሣው፤
ወደቀ፣ ጮኽን፣ የሸለቆው ሆድ መልሶ አወጣው።
ማንያሽ እልል ልትል ጀምራ አፏን በመዳፏ ያዘች፤
እናቲቱ ከላይ፣ በጣም ከላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዞረች።

እሸቴ መነጽሩን ዘረጋልኝ፤ ሊሰጠኝ ሲል ቆም አለና፣
ደህናው ዐይን ወደኔ እንዲሆን አዞረው በጥሞና።
ተቀበልሁት። ጣቱ ቀዝቅዟል። ጎጆው ባዶ፣ ገደሉ እንዳለ።
ቅዳሜ ነው። ቀጠሯችን ማክሰኞ ነው። ሦስት ቀን አለ።