በእርሳስ

ዕጣው ሲወጣ ዋለ፤ ስም ተጠራ፣ ስም አለቀ፣
ቁመት ለባለገንዘብ፣ ዝና ለባለዝና ወደቀ።
የኛ ተራ ሲደርስ፣ ጀንበር ሐይቅ ልትገባ፣
አንድ ስም ነበር የቀረ፣ ማንም ያላለው "ና ግባ"፤
አርባ አንደኛ፦ ይበልጣል አዛናው።
አሰልጣኝ ምንይችል ሳቀ፣
"ከማን ነው የሚበልጠው?" ብሎ እኔኑ ጠየቀ።

እኔ ምክትል ነኝ። ሥራዬ ደብተር ይዞ ዳር መቆም፣
ሌላው ነጥብ ሲቆጥር፣ እግር መቁጠር፣ ትንፋሽ መልቀም።

ጻፍኩ፦
ቁመት፣ አንድ ሜትር ከሰማንያ አንድ። ለቦታው ያጥራል።
ግራ እጅ፣ የለም። ዝላይ፣ መጠነኛ። ውርወራ፣ ያሳፍራል፤
ኳሷ ሪንጉን ስታ ከአጥሩ ወዲያ ዘምባባው ሥር ታርፋለች፣
እሱ ሮጦ ያመጣታል። ሳይቆጣ። ሳይስቅ።

ግን አንድ ነገር አየሁ፣ በሦስተኛው ቀን ልምምድ ላይ፤
ኳሷ ገና ስትወረወር፣ የሁሉም አንገት ወደ ላይ፣
እሱ ብቻ አላያትም፤ ማንም ሳያውቅ ቀደመ፣
ከምትወድቅበት ቦታ እንደተቀጣጠረ ሰው ቆመ።
"ማነው ያስተማረህ?" አልኩት። ላቡን በክንዱ ጠረገ፣
"አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው" አለ፤ ሌላውን ቃል ነፈገ።

ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። አዛናውን አገኘሁት፣
የደንገል ታንኳ ሲጠግን፣ በጉልበቱ ተጭኖት።
"ልጅህ ተስፋ አለው?" አልኩት። ሳያየኝ ገመድ ሳበ፣
"ታንኳን የሚለየው ውኃ ነው፤ በየብስማ ሁሉም ተዋበ።"
ይህንን ለምንይችል ነገርኩት።
"ጥሩ አባባል ነው" አለኝ፤ "ግን ለቦርዱ ይህን ላቅርብ?
ምሳሌ ሪባውንድ አይዝም።"
እውነቱን ነው።

ደግሞም ተሳስቼ አውቃለሁ። ካቻምና መጣ ልቅናው፣
ሁለት ሜትር ሙሉ ቁመት፣ በር ጎንበስ የሚያሰኘው።
በቀይ ቀለም "ይህ ልጅ ነገ!" ብዬ ጻፍኩለት በግድ፣
ደጋግሜ አሰመርኩበት፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ።
ነገው ስድስት ወር ሆነ። ጉልበቱም አልነበር የከዳው፤
የኔ ቀይ ቀለም ይመስለኛል ገና ሳይበስል የጎዳው።
ሌላም አለ፦ "አይሆንም" ብዬ ከበር የመለስኩት ቀጭን ልጅ፣
ዛሬ በሌላ ማልያ መጥቶ ሃያ ነጥብ ያገባል በኛው ደጅ።
ስሙን አልጠራም። ሰላምታ አይነፍገኝም፤
የሚከብደኝ ያ ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ። ስድስት ደቂቃ ቀርቶ፣
ምንይችል ተጠባባቂዎቹን አየና፣ የሚያስገባው አጥቶ፣
"ይበልጣል!" አለ።
አንድ ነጥብ አላገባም። ሁለት ኳስ አበላሸ። አንዴ ወደቀ።
ከተመልካች አንዱ "ከማን?" ብሎ ጮኸ፣ ሜዳው በሳቅ ደመቀ።
እኔ ግን በጣቴ ቆጠርኩ፤ አራት፣ አዎ አራት ጊዜ
ኳሷ ከሪንጉ ስትነጥር እሱን አገኘችው በጊዜ።
ተሸነፍን፣ በሰባት።
ሌሎቹ ሻወር ገቡ። እሱ ማንም ሳያዘው
የውኃውን ላስቲክ ለቀመ፣ ወንበሩን አንድ በአንድ አጠፈ።
(ይህንንም ልጽፈው አሰብኩ። የትኛው ዓምድ ሥር?)

ማታ ደብተሩን ገለጥኩ። መብራት ጠፍቷል። በዓባይ መውጫ በኩል
ጉማሬ ይተነፍሳል፤ ከውኃ በላይ የሚታየው ጆሮው ብቻ ነው፣
የቀረውን ክብደት ማን አየ?
የመጨረሻው ዓምድ "ተስፋ" ይላል፤ ከአንድ እስከ ዐሥር ይሞላል።
ቀዩን ብዕር አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።
ከልጄ ቦርሳ የትምህርት ቤት እርሳስ ሰረቅሁ፣
ቁጥሩን ትቼ፣ በሻማ ብርሃን፣ ጫን ሳልል ጻፍኩ፦
"ከትናንት ይበልጣል።"

ላጲሱን ግን አልጣልኩትም።