ሐሙስ የወጣው

ኢኖካ በሌሊት በሬን ደበደበ፣
ቦቲ ጫማው እርጥብ፣ እጁ ጨው ያበበ።
«ተነሽ ሜሬሃና፣ መርከብ ይነዳል፣
ከራኪዩራ ማዶ ሰማዩ ቀልቷል፣
ሬዲዮ ክፈቺ፣ ሰው ይጮህ ይሆናል!»

ወጣሁ፣ በፒጃማ ካፖርት ደርቤ፣
በዛጎሉ ክምር ከጀልባው ቀርቤ።
ሬዲዮው ሰው የለው፣ ይንሿሿል ባዶውን፣
ኮምፓሱ እየራደ ያማትራል ሰሜኑን።

«መርከብ አይደለም» አልሁት፤ «ከፀሐይ የወጣ
ኤሌክትሪክ ያዘለ ነፋስ ነው የመጣ።
የምድር ማግኔት ይዞ ወደ ዋልታው ሲነዳው፣
ላይ ያለው ኦክስጅን ይቀላል ሲነካው።
ከሥር አረንጓዴ ነው፣ ባሕሩ ጋርዶብን፤
ጫፉ ነው የደረሰን፣ ቀዩ ብቻ ታየን።»
ተማሪ ይመስል ጣቴን ቀስሬለት፣
የማውቀውን ሁሉ ባንዴ ዘርግፌለት።

ዝም ብሎ ቆየና፣ ጢሙን እየነካ፣
«መቼ ነው የወጣው?» አለኝ ኢኖካ።
«ሦስት ቀን ይወስዳል» አልሁና፣ ቆጠርሁና፣
ቃሌ አፌ ላይ ቀረ፤
                    ዛሬ እሑድ ነውና።

ሐሙስ ነው ፓኦራ፣ ወንድሙ፣ ከመረቡ
እጁን ሳያላቅቅ ቀጥ ያለችው ልቡ።

«ነፋስ ነው ያልሽኝ?» አለ። «ነፋስ ነው» አልሁት።
ነፍስ ብሎ ደገመው። እኔም አላረምሁት።

ኮፍያውን አውልቆ ሬዲዮውን ዘጋ፤
መርፌው ሰሜን አግኝቶ ቀስ ብሎ ሲረጋ፣
ብላፍ ወደብ ላይ ሰማዩ ሊነጋ፣
ሁለታችን ቆመን፣ ማንም ሳያወጋ።