ብወዛ

ጥፍር በምታህል ካርድ ላይ፣ ዚያድ ዘፈን ጫነልኝ፤
ታይዋን ገበያ በር ላይ፣ ሃምሳ ብር ተቀበለኝ።
ሱማልኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሐረሪው ካማርኛው ጋር፣
ሺህ ሁለት መቶ ዘፈን፣ በአንድ ኪስ የሚያድር።
«በምን ተራ ላድርገው?» «ተራ የሚሉት ይቅርብኝ፤
ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ይዞ ተራ መቆም ነው ያከሰለኝ።
በውዘው።»
የተጠላለፉ ሁለት ቀስቶችን በአውራ ጣቱ ነካ፤
ካርታ ያለ እጅም ይበወዛል ለካ።

ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪ ሁሉ ከዕቃው ጋር ተጣላ።
ከሳቢያን የጫንኳት ነርስ «የቅድሙ ሰውዬ ደገመ» ብላ
ነጭ ጋዋኗን ሰብስባ የቀረውን በእግሯ ሄደች።
የአሸዋው ልብስ ነጋዴ፣ ሦስት ሱማልኛ ሲከታተልለት
«ይሄስ ዳኛ ነው» አለ፤ አራተኛው አማርኛ ሲሆንበት
«ጉቦ በላ!»
አንዲት ልጅ ደግሞ፣ የትኛው ስንኝ እንደነካት እንጃ፣
ምስጢሬን ማን ነገረህ በሚል ዓይን በመስታወቱ አየችኝ፤
መልሷን ሳትቀበል ወረደች።
እኔ ምኑን አውቄ!

ከዚራ ዛፍ ሥር ካርታ የሚጫወቱት ጋሽ ወንድይፍራው፣
ሠላሳ ዓመት የባቡር ሰዓት በደብተር የመዘገቡት፣
ስነግራቸው ጉንጫቸውን እንደወጠሩ ሳቁ።
«ስማ ልጄ፤ በደንብ የተበወዘ ካርታ
አሥርን ከአሥር ያጎራብታል፣ ንጉሥን ከንጉሥ ጎን ያስተኛል፤
ሰው ግን ያኔ ነው ‹አልበወዝክም› ብሎ የሚጮኸው።
አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ፣ በልክ እያራራቀ የሚሰድር
እሱ ዕጣ አይደለም፤
እሱ ዘበኛ ነው።»

ዚያድም አልተቃወመ፤ የስልክ ሆድ እየፈታ
«ሰው ሲከስ ጊዜ» አለኝ «አስተካከሉት ብወዛውን በተርታ፤
ዕጣ እንዲመስል ብለው፣ ዕጣነቱን ቀነሱለት።
ያንተ የድሮ ነው፤ ይሉኝታ አልገባበት።
ግን እንዲያው በነፋስ አይምሰልህ፤ ዘር አለው፤
ስትከፍተው ሰዓቱን ያያል፣ ያቺ ሰከንድ ናት የምትነዳው።
ያችኑ ሰከንድ ብትመልስለት፣ ያንኑ ተራ ይደግማል።»

ደቻቱን አሰብኩ።
አሸዋው ደርቆ ልጆች ኳስ ሲያንከባልሉበት፣
ሰማዩ ብራ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣
ድንገት ውሃው ግንድ ታቅፎ ይመጣል።
እኛ ታች ሆነን «ሳይታሰብ» እንላለን፤
ደንገጎ ላይ ግን
ዘንቦ ነበር።

አሁን ያልነገርኳችሁ፦
ከሺህ ሁለት መቶው አንዱ ዘፈን አይደለም።
ከማን ስልክ ተቀድቶ እንደገባ ዚያድም አያውቅ፤
የሴት ድምፅ ነው፤ አሥራ አንድ ሰከንድ፤
ከኋላዋ የሚንቋቋ ሳህን፦
«ኢድሪስ፣ ቁልፉ ጎረቤት ነው። ብትቆይም አትቸኩል።»
ይኸው ነው። ከዚያ ከበሮ ይቀጥላል።

በስሙ ፈልጌ ባገኘው እችላለሁ፤ አልፈለግኩትም።
የብወዛ ሕጉ ደግ ነው፦ ሁሉም አንዴ ሳይደርሰው
ማንም ሁለቴ አይደርሰውም።
እኔ ግን ለምሳ ሞተር አጠፋለሁ፣ ለነዳጅ አጠፋለሁ፣
ባጠፋሁ ቁጥር ካርታው እንደገና ይቀላቀላል፤
እናም በሁለት ዓመት ውስጥ እሷ ሦስቴ መጣች፣
አንዴም ያልሰማሁት ስንት ዘፈን አለ መሰላችሁ!
እዚያው ተኝቶ፣ ተራው ሊደርስ ሲል
እኔ የማቋርጠው።

ዛሬ ማታ ገንደቆሬ ደጄ ላይ ቆሜያለሁ።
ተሳፋሪው ወርዷል፣ ሙቀቱ ግን ከወንበሩ አልወረደም።
አንድ ሽማግሌ የሚያህል ዘፈን እያለቀ ነው፤
እጄ ቁልፉ ላይ ነው፤
ከውስጥ ራት ቀረበ ይሉኛል።
አንድ ብቻ ልስማ።
ብቆይም
አልቸኩል።