ጳጉሜ ሦስት

ጊሰን ከተማ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ክፍል አሥራ አራት፤
ሦስት ወንበር፣ አንድ ማሽን፣ የማይጠወልግ አበባ ያለበት፤
እዚያ ነበር እንጀራዬ፣ በሰዓት የሚቈረጥ፣
ቃል ከአንዱ አፍ ተቀብዬ ለሌላ ጆሮ የምሰጥ።

ደንቡ አጭር ነው፦ «አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።
እሱ ‹እኔ› ካለ ‹እኔ› በይ፤ ‹እሱ› እንዳትይ፣ እንዳትረሺ።»

እሺ።
«እኔ በመተማ ወጣሁ፤ እኔ ሦስት ቀን ውኃ ጠማኝ፤
እኔ ወንድሜን ቀበርሁ፤ እኔን ፖሊስ ገረፈኝ።»
ማታ በአውቶቡስ ስመለስ፣ የስንቱን ‹እኔ› ይዤ፣
የራሴን እንደ ቁልፍ ከቦርሳዬ እፈልጋለሁ፣ ፈዝዤ።

አንድ ማክሰኞ አንለይ መጣ፣ የደብረ ኤልያስ ልጅ፤
የምጽዋት ጫማው ሰፍቶት፣
ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ ያን የገበሬ እጅ።
«የልደት ቀን?» አለች ጸሐፊዋ፣ ዓይኗ ከማሽኑ ላይ።
«ጳጉሜ ሦስት። የሩፋኤል። ዝናብ ሲጥል ከሰማይ።»

ማሽኑ እንቢ አለ። ከዐሥራ ሁለት ወር ወዲያ አያውቅም።
«እንዲህ የሚባል ወር የለም፤ ንገሪው» አለች። አልተቈጣችም።
ነገርሁት።
ፈገግ አለ። «እንግዲያው እኔም አልተወለድሁም።»
ደንብ ነውና፣ በጀርመንኛ፣ በሴት ድምፅ፣
«እንግዲያው እኔም አልተወለድሁም» አልሁ።
ቀኑን ወደነሱ መመለሻ ቀመሩን አውቃለሁ፤
ግን አትጨምሪ ተብያለሁ።
እሷ «ጃንዋሪ አንድ» ብላ ጻፈች። ስለ ዝናቡ የጠየቀ አልነበረም፤
ቅጹ ላይ ለዝናብ መስመር አልተሰመረም።

ያን ማታ፣ በመብራት ሒሳብ ወረቀት ጀርባ፣
ሁለት ስም ጻፍሁ፤ ሁለት ሁለት ነጥብ ከጎናቸው፤
ከነጥቡ ወዲህ ሆኜ ጠበቅኋቸው።
ጸሐፊዋ፦
አንለይ፦
የሚናገር ጠፋ። ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል።
ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የራሴ ቃል ከየት ይመጣል?
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከሰዎቹ ቀድሞ ዝናቡ መጣ።
ጨመርሁ። የከለከለኝ የለም።
ጨመርሁ። ጣሪያ እስኪያፈስ፣ ወንዝ እስኪሞላ፣ በዶፍ አወረድሁት።

ከሁለት ክረምት በኋላ አንለይን ከዕቃ መጋዘን ደጃፍ አገኘሁት።
«ቃልህን ልውሰደው?» አልሁት።
«ስትወስጂው ኖረሽ የለም እንዴ?» አለኝ።
ሳቅሁ፤ ግን ወጋኝ።
«ውሰጂው» አለ፣ ካርቶኑን እያነሣ።

የድሮ ጎማ መሸጫ፣ ምድር ቤት፣ ሠላሳ አንድ ወንበር፤
ጎረቤቴ ሄድቪግ፣ ጡረተኛዋ ትኬት ቈራጭ፣ ከመጋረጃው ጀርባ
ትሪ ላይ ሩዝ ታፈሳለች፤ ዝናባችን እሱ ነበር።
መድረክ ላይ የወጣው ልጅ «እኔ» ሲል፣ ከጥግ ቆሜ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልሁ፣ ከንፈሬን ገጥሜ።

ሲያበቃ አንለይ ቀረበኝ፤ ጫማው አሁን ልኩ ነው።
«ደኅና ነው» አለ። ራሱን አከከ። «ብቻ ያ ዶፍ የኛ አይደለም፤
እናቴ ስትነግረኝ፣ ያን ቀን የጣለው ካፊያ ነው።»

እርሳሴን አወጣሁ።
ሄድቪግ ተንበርክካ ሩዟን ከወለሉ ትለቅማለች።
«ሄድቪግ» አልኋት፣ «ከነገ ጀምሮ ሩዙን ቀንሺ።»