የመብረቅ ጓዳ

ከሌሊቱ አስራ አንድ ነው። ከጣና የሚነሳው ጉም
አጥሩን ተሻግሮ ከሽቦው ሲጋጠም፣
ብረቱ ያጉረመርማል፤ ጠጠሩም አይተኛም።
እምም ይላል ግቢው፤ ቀፎ ነው ለሰማበት፤
ማሩን ልቅመስ ላለ ግን ወዮለት።

«ስኒ» እንለዋለን፤ ቡና አልቀመሰ፣
የጣና ይብራ ነው ኩሱን ያፈሰሰ፣
የጣና ትንኝ ነው እላዩ የበሰበሰ።
ጤዛ ሲወርድበት ቆሻሻው ይርሳል፣
የራሰ ቆሻሻ መንገድ ይሆናል፣
እሳት በዚያ መንገድ ወደ ምድር ይወርዳል።
ለዚህ ነው ባልዲና ጨርቅ ይዘን በማለዳ፣
የምናጸዳው የመብረቅን ጓዳ።

ረዳት ነበርኩ ድሮ፤ መሰላል ተሸካሚ፣
መፍቻ አቀባይ፣ «እሺ ጋሼ» ደጋሚ።
አሁን ባለሙያ ነኝ፤ ወረቀቴ ታትሟል፤
ዋና ለመባል ግን ገና ዕድሜ ይቀረኛል።
አለቃዬ ዛሬም ጋሽ አንሙት ይባላል።
ሦስት ልጅ ቀብራ ይሆናል እናቱ ከእሱ በፊት፤
ስም ሳይሆን ልመና ነው የሰጠችው፦ አንሙት።
እኛም በየጠዋቱ፣ ሄልሜታችንን አጥልቀን፣
ስንጠራው፣ ለካ ሳናውቅ እንጸልያለን።

«መስመሩ ሞቷል ቢሉህ ለቅሶ አትቀመጥ፤
ዱላውን አስነካና ጩኸቱን አዳምጥ» ይላል።

ሚያዝያ ነበር፤ ሐሙስ። የበለሱ መስመር
ጠፍቷል ተባለልን፤ በስልክም፣ በፊርማም ጭምር።
ብሬከሩ ተከፍቷል፤ ማለያው ክንዱን ዘርግቶ፣
ቆሟል፤ በዓይኔ አየሁት፤ ሰማይ በመሀል ገብቶ።
ጓጉንቸሬን ቆለፍኩ፤ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ፤
ስሜ ያለበትን ቀይ ሰሌዳ አንጠለጠልኩ፤
«አትንኩ፣ ሰው አለ» ይል ነበር፤
የአምናው ዝናብ አጥቦት
«ሰው አለ» ብቻ ቀርቷል።

ዱላውን አነሳሁ።
ጮኸ።

ባልዲው ውስጥ ያለው ጨርቅ ገና ሳይጨመቅ፣
የሞተው ተነሳ፤ ማንንም ሳይጠይቅ።
ጎረቤቱ መስመር፣ አብሮት የሚጓዘው፣
ሳይነካው፣ በጥላው፣ ነፍስ አበድሮት ነው።
ጋሽ አንሙት አልጮኸም፤ አልተቆጣኝም፤
የምድሩን ገመድ ሲያቀብለኝ እጁ አልተንቀጠቀጠም።
የኔ ተንቀጠቀጠ።
«እሰረው ከመሬት፤ ያኔ ነው የሚሞት።»
አምስት ቃል። ከዚያ ሰማዩን ቆሞ መመልከት።

ከብረቱ ጫፍ ላይ ጣና ይታየኛል፤
እንቦጭ በአረንጓዴው ግማሹን ለብሶታል፤
አንድ የደንገል ታንኳ በመሀል ይሾልካል።
ባለታንኳው እኛን ከቁብም አይቆጥር፤
ሽቦው በጣራው ላይ አልፎ ሲሄድ አገር ላገር፣
ማታ እሱ ኩራዙን ነው የሚያበራው።
ይህን እያሰብኩ
አስራ ሰባተኛውን ስኒ ሁለቴ አጠብኩት።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ጓጉንቸሬን ፈታሁ፤
የምድሩን ገመድ ፈትቼ፣ ስሜን አወረድኩ፣ ራቅሁ።
ብሬከሩ «ጓ!» አለ፤ ርግቦቹ ተነሱ፤
«መጣ! መጣ!» አሉ ካጥር ማዶ ሕፃናቱ፤
ማን አመጣው አይሉም፤ መምጣቱ ነው ደስታቸው፤
ሳቄን ይዤ፣ እጄን ታጥቤ፣ አለፍኳቸው።

ሽምብጥ ስደርስ ሰፈሩ ድቅድቅ ጨለማ ነው።
አከራዬ እትዬ ይታይሽ፣ ሻማ ይዘው፣
በር ላይ ቆመው፦
«አንተ የመብራት ኃይሉ፣ ያንተው ነገር ሄደኮ!
መቼ ነው የሚመጣው?»

ኪሴን ዳሰስኩ። ቁልፉ አለ፤ ገላዬ አሙቆታል።
«አንሙት እንጂ፣ እትዬ» አልኳቸው፤
«ይመጣል።»