ሁለት መስመር

ከሩዝ ማሳው ማዶ፣ ሆውቢ መንደር ዳር፣
ላስቲክ ቤቱ ያልባል፣ ሌሊቱም ሳይቀር።
አራት ሺህ ኦርኪድ በየመደርደሪያው፤
አማቴ ሊያኦ ነው ሁሉን የሚያውቀው።
ጣቱን ከሥሮቻቸው መሃል ሰደድ ያደርግና
«ይቺ ጠጥታለች፤
ያቺን አጠጫት» ይላል፣ ቀና ሳይል ገና።

አንዷን ግን «አሮጊት» ይላታል ለይቶ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከጎኗ ገምሶ፣ ለጠየቀው ሰጥቶ፦
ለፖስተኛው ልጅ ሰርግ፣ ለጥርስ ሐኪሙ፣
በውሃ ቦይ ለከሰሰው፣ ለቱንግና ለወንድሙ።
በዚያችው መቀስ።
በሱሪው ጠርዝ ጠረግ አድርጎ፣ ከአንዷ ወደ አንዷ ሲመላለስ።

ዘንድሮ በአንዷ ቅጠል ቢጫ ጭረት አየሁ፤
በሌላዋ ጥቁር ነጥብ፣ ቀለም መስሎኝ በጥፍሬ ፋቅሁ።
አልለቀቀም።
«ፀሐይ ነው» አለ። «ብርድ ነው» አለ።
ሲጨንቀው በአባቱ መቃብር ማለ።

ከግብርና ጣቢያው መመርመሪያ መጣ።
ጥፍር የምታህል ቅጠል ትቆረጣለች፣
ከፈሳሹ ጋር በከረጢት ትደቆሳለች፣
ወረቀቷ ገብታ አረንጓዴውን ትጠጣለች።
አንድ መስመር፦ ደህና።
ሁለት መስመር፦ ይቃጠላል፤ መድኃኒት የለውምና።

ቢጫ ካየሁባቸው ስድስት፣
ሁለቱ ነፃ፣ አራቱ ለእሳት።
አሮጊቷን ማንም አልጠረጠረም፤ አንዲት እንከን የላት፣
ዐሥራ አራት እምቡጥ አላት።
ለወጉ ብዬ ቆረጥሁባት።
አምስት ደቂቃ።
መጀመሪያ አንዱ ቀላ፣
ከዚያ፣ እንደሚያፍር ሰው፣ ቀስ ብሎ ሌላ።

ያን ዕለት ንጋት ላይ የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፌ፣
ሌላ ወረቀት ይዤ ቆሜ ነበር፣ ግድግዳ ተደግፌ።
ያም ሁለት መስመር ነበር።
ለባሌ እንኳ አልነገርሁም፤ ምላሴ ላይ አኖርሁት፣ እንደ ስኳር።
ያው ቀይ፣ ያው ቀጭን፣ ያው ከላይ ከታች፤
አንዷ «መጣሁ» ትላለች፣
አንዷ «ድሮ ነው የመጣሁት፣ አላያችሁኝም» ትላለች።

ሊያኦ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አየ።
«ዪንጁ፣ ወረቀት አምጪ። ለማን ለማን ነው የሰጠሁት?»
ጻፍሁ። ፖስተኛው። ሐኪሙ። ቱንግ። የቱንግ ወንድም።
ዐሥራ ዘጠነኛው ስም ላይ ድምፁ ጠፋ።
«ስጦታ ነበር እኮ» አለ፣ ለኔ አይደለም፣ ለመቀሷ።

አመሻሽ ላይ ከጋዝ ምድጃው እሳት አስጠግቷት፣
ብረቷ እስክትቀላ ያዛት።
«ነገ ከቱንግ እጀምራለሁ» አለኝ፣
«አንቺም ምንም ሳትነኪ እጅሽን ታጠቢ።»

የጠዋቱን አልነገርሁትም።
እጄን ገና አልታጠብሁም ነበር።